የአውራ ጣት ጉብታ፦ አጥንቱ ወዴት ሸሸ? ቀዶ ሕክምናውስ እንዴት ይመልሰዋል?

ጫማና ካልሲዎን አውልቀው፣ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አድርገው ይቁሙና ወደ ታች ይመልከቱ። በአውራ ጣትዎ ሥር፣ እግር ከእግር በሚተያይበት በኩል፣ ገፍቶ የወጣ ጉብታ ካለና ጣቱም ወደ ሌሎቹ ጣቶች ካዘነበለ፣ ይህ ጽሑፍ ስለ እርስዎ እግር ነው። ሐኪሞች ሃሉክስ ቫልገስ ይሉታል፤ ቡኒየን በሚለው ስምም ይታወቃል። ብርቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ አንድ ግምገማ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት ከሆኑ ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ፣ ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው ገምቷል። ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ።

ጉብታውን ይዞ ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ዶክተር፣ ይህችን አጥንት ሞርደው ሊያነሱልኝ አይችሉም?» ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ከላይ ለሚያየው በእርግጥም ትርፍ አጥንት የበቀለ ይመስላል። ጉብታው ግን ባመዛኙ አዲስ አጥንት አይደለም፤ ድሮም የነበረ አጥንት ከቦታው ሸሽቶ ራሱን በቆዳ ሥር ሲያሳይ ነው። ከላዩ የሚታየው ለስላሳ እብጠት ደግሞ ጫማ ሲፈትገው የተቆጣ፣ ፈሳሽ ያለው ትንሽ ከረጢት ነው። ሞርዶ ማንሳት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ፣ አጥንት መቁረጥ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ማገገሙም ለምን ሳምንታት እንደሚፈጅ የሚገባን ይህን ስንይዝ ነው።

እግራችን ውስጥ ከእያንዳንዱ ጣት ሥር ወደ መሐል የሚዘልቅ አንድ ረጅም አጥንት አለ፤ ሜታታርሳል ይባላል። አምስት ናቸው፤ ቆጠራው ከአውራ ጣት በኩል ይጀምራል። በሃሉክስ ቫልገስ አንደኛው ሜታታርሳልና አውራ ጣቱ ተቃራኒ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ ሜታታርሳሉ ወደ ሌላኛው እግር ያዘነብላል፣ ጣቱ ወደ ሁለተኛው ጣት ይጋደማል። መገናኛቸው ላይ እንደታጠፈ ክርን ያለ ነገር ይፈጠራል። ጫማውን የሚገፋው ያ ክርን ነው።

ከአምስቱ ሁሉ ይህ አጥንት ለምን እንዲህ ተጋለጠ? ከጣቱ ጋር በሚጋጠምበት ጫፉ ላይ የተያያዘ አንድም የጡንቻ ጅማት የለም። ጡንቻዎቹ አልፈውት ሄደው የሚይዙት ጣቱን ነው። የአጥንቱን ራስ ከቦታው እንዳይወጣ የሚያደርጉት የመገጣጠሚያው ከረጢትና በጎንና ጎኑ ያሉት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው። በአንድ በኩል ያለው ማሰሪያ ከላላ የሚመልሰው የለም። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ራሱን ያባብሳል፤ ጣቱን የሚያጥፉትና የሚያቀኑት ረጃጅም ጅማቶች ቀድሞ በጣቱ መሐል ለመሐል ይሄዱ ነበር፤ ጣቱ ሲያዘነብል ግን ጠምዛዛውን መንገድ ትተው እንደ ቀስት አውታር በአቋራጭ ይወጠራሉ። ሰውየው በተራመደ ቁጥር ጣቱን ይበልጥ ወደ ጎን ይጎትቱታል።

ራጅ ላይ ደግሞ ዓይንን የሚያታልል ነገር አለ። ከሜታታርሳሉ ራስ ሥር የአተር ፍሬ የሚያክሉ ሁለት አጥንቶች አሉ፤ ሴሳሞይድ ይባላሉ፤ ስማቸው ከሰሊጥ የመጣ ነው። ትልቁ አጥንት በእነርሱ ላይ የሚንሸራተተው ባቡር በሐዲድ ላይ እንደሚሄደው ነው። የተጣመመ እግር በራጅ ሲታይ ሁለቱ ፍሬዎች ወደ ሁለተኛው ጣት የሸሹ ይመስላሉ። አልሸሹም። ከሁለተኛው ሜታታርሳል በኩል በጅማት ስለታሰሩ ባሉበት ናቸው፤ ከሐዲዱ የወጣው ባቡሩ ነው። ጥሩ ቀዶ ሐኪም ሥራውን ሲጨርስ በራጅ የሚመለከተው የጣቱን መቃናት ብቻ አይደለም፤ የአጥንቱ ራስ ተመልሶ በሁለቱ ፍሬዎች ላይ መቀመጡንም ነው።

ጥፋተኛው ጫማ ነው? አዎ፤ ግን ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ጫማ ከሚያደርጉ ሰዎች 33 በመቶው፣ ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱት ግን 1.9 በመቶው ብቻ ሃሉክስ ቫልገስ እንዳለባቸው አገኘ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በከተማዋ ከመካከለኛው ዘመን መቃብሮች የወጡ 177 አጽሞችን መርምረው ነበር። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ከተቀበሩት 6 በመቶው፣ አፈ ሹል ጫማ ከተስፋፋ በኋላ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከተቀበሩት ግን 27 በመቶው የጣት መጣመም ምልክት ነበረባቸው። ከሁሉ የባሰው መነኮሳትና ሀብታም ለጋሾች በተቀበሩበት ገዳም የተገኘው ነው፤ 43 በመቶ። ፋሽን ቆብ የደፋውንም አልማረም ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ አንድ ዓይነት ጠባብ ጫማ ለዓመታት ካደረጉ ሁለት ሰዎች አንዷ ጣቷ ይጣመማል፣ ሌላይቱ ቀጥ ብሎላት ታረጃለች። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስ የእግር አሠራር ነው። ጅማታቸው ከመጠን በላይ የሚላላ ሰዎችና ሩማቶይድ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸውም በይበልጥ ይጠቃሉ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ያው መገጣጠሚያ ሌሊቱን በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮህ ከሆነ መጠርጠር ያለበት ሪህ ነው። ሕክምናውም ሌላ ነው።

ቢላዋ መቼ?

መልሱ አጭር ነው፤ ሲያም። ጉብታው ትልቅ ሆኖ የማያም ከሆነ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፤ ትንሽ ሆኖ ሰላም የሚነሳ ከሆነ ሊያስፈልግ ይችላል። ለመልክ ብቻ ሲባል ጤናማ የሆነን፣ የማያም እግር መክፈት ጥሩ ንግድ አይመስለኝም። ቀዶው የራሱን ሕመምና ግትርነት ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ በፊት ያልነበረ ችግር ተገዛ ማለት ነው።

ከቢላዋ በፊት የሚሞከረው ጫማ ነው። አንድ ቀላል ሙከራ አለ፤ ነጭ ወረቀት ላይ ክብደትዎን ጥለው ይቁሙና እግርዎን ዙሪያውን በእርሳስ ይሣሉት። ከዚያ አዘውትረው የሚያደርጉትን ጫማ በሥዕሉ ላይ ያስቀምጡት። የእርሳሱ መስመር ከጫማው ግራና ቀኝ ተርፎ ከታየ፣ ቀኑን ሙሉ እግርዎን እዚያ ውስጥ ሲጠቀጥቁት እንደሚውሉ በገዛ ዓይንዎ አዩ። ፊቱ ሰፊ፣ ቆዳው ለስላሳ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ የብዙ ሰዎችን ሕመም ያበርዳል። በጣቶች መሐል የሚገቡ የሲሊኮን ስፖንጆችና ሌሊት የሚታሰሩ ማቃኛዎችም ፍትጊያውን ሊቀንሱ ይችላሉ፤ የአዋቂን ሰው አጥንት ግን አያቃኑም። «በሦስት ወር ያቃናል» ብሎ ለሚሸጥልዎ ሰው ገንዘብዎን አይስጡ።

በዚህ ነገር ላይ በጥንቃቄ ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 ፊንላንድ ውስጥ የወጣው ነው። የሚያም ጉብታ ያለባቸው 209 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ሁለተኛው ለእግሩ ተለክቶ የተሠራ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ተሰጠው፣ ሦስተኛው እንዲጠብቅ ተነገረው። በስድስተኛው ወር ንጣፍ ያደረጉት ከጠበቁት ይሻሉ ነበር። በዓመቱ ግን ያ ብልጫ ጠፋ፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከሁለቱም ቡድኖች የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ። ለሚያም እግር ቀዶው እንደሚረዳ በዚህ መጠን መናገር ይቻላል።

የት ይቆረጥ?

ውሳኔው በራጅ ይጀምራል፤ ራጁ የሚነሳውም ቆሞ ነው። ተኝቶ የተነሳ ራጅ እግሩ ክብደት ሲሸከም የሚሆነውን ስለሚደብቅ ለዚህ ሥራ አይረባም። ሐኪሙ ሁለት ማዕዘኖችን ይለካል። አንዱ አውራ ጣቱ ከሜታታርሳሉ ጋር የሚሠራው ነው፤ በጤናማ እግር ከ15 ዲግሪ ያንሳል። ሌላው በአንደኛውና በሁለተኛው ሜታታርሳል መካከል ያለው ነው፤ ከ9 ዲግሪ ያነሰው ጤናማ ነው። የመጀመሪያው ከ40፣ ሁለተኛው ከ16 ሲያልፍ መጣመሙ ከባድ ይባላል። መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ልስልስ አጥንት ማለቁም ይታያል፤ ምክንያቱም ያለቀ መገጣጠሚያ ቢቃናም ማመሙን አይተውም።

ለዚህ ችግር ባለፉት መቶና ከዚያ በላይ ዓመታት ከ100 የሚበልጡ የቀዶ ዓይነቶች ተጽፈዋል። ቁጥሩ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ አብዛኞቹ የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው፤ አጥንቱን ቁረጥ፣ ወደ ቦታው ግፋው፣ በብሎን ያዘው። ልዩነቱ የት እንደሚቆረጥ ነው። በር ያስቡ፤ ማጠፊያው አጠገብ በትንሹ ብትነካው ጫፉ ብዙ ይሄዳል። አጥንቱም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሥሩ ተጠግተው በቆረጡት መጠን ሰፊ ማዕዘን ይዘጋል። ስለዚህ ቀላልና መካከለኛው መጣመም ብዙውን ጊዜ ከአጥንቱ ራስ አጠገብ፣ ከበድ ያለው በግንዱ ላይ፣ በጣም የከፋው ሥሩ ላይ ይስተካከላል።

ከሁሉ የተለመደውን፣ ሼቭሮን የተባለውን፣ ቀረብ ብለን እንመልከት። ብዙ ጊዜ ሰውየው ሙሉ በሙሉ እንዲተኛ አይደረግም፤ ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ወይም ከጉልበቱ ጀርባ በሚሰጥ መርፌ እግሩ ብቻ ይደነዝዛል። ደም እንዳይሸፍነው ማሰሪያ ይታሰራል። ቆዳው በእግሩ የውስጥ ጎን፣ በጉብታው ላይ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ርዝመት ይከፈታል። እዚያ ላይ ለአውራ ጣቱ ቆዳ ስሜት የሚሰጥ ቀጭን ነርቭ ያልፋል፤ ቀዶ ሐኪሙ ፈልጎ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ከተነካ ጣቱ ላይ ድንዛዜ ይቀራል። ከዚያ ቀጭን ምላጭ ባላት የኤሌክትሪክ መጋዝ የአጥንቱ ራስ በጎን በተጋደመ የቪ ቅርጽ ይቆረጣል፤ የቪው ጫፍ ወደ ጣቱ ያመለክታል። ቅርጹ ለጌጥ አይደለም፤ ሁለቱ ክንፎች ስለሚናከሱ የተቆረጠው ራስ ወደ ላይና ወደ ታች አይንሸራተትም፤ የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ጣት ብቻ ነው። ራሱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይገፋና በብሎን ይያዛል። ከጎን ተርፎ የቀረው የአጥንት ጠርዝ የሚላጨው ያን ጊዜ ነው። ሰዎች ሲመጡ የሚጠይቁት ሙረዳ የሥራው መጨረሻና ትንሹ ክፍል መሆኑን ልብ ይሏል።

በሌላኛው ጎን አውራ ጣቱን ሲጎትት የኖረው ጡንቻ ጅማት እንደ አስፈላጊነቱ ይለቀቃል፤ በውስጥ በኩል የላላው ከረጢት ይሰበሰብና ይሰፋል። ጣቱ ራሱ ቆልመም ያለ ከሆነ ከጣቱ አጥንት ትንሽ ሽብልቅ ይወጣለታል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1925 በጻፈው ሐኪም ስም ኤኪን ይባላል።

ስካርፍ የሚባለው በግንዱ ላይ ረዘም ባለ የዜድ ቅርጽ የሚቆረጠው ነው። ስሙ የመጣው ከአናጢዎች ነው፤ ሁለት ወራጆችን አጋጥመው ሲያስረዝሙ ከሚጠቀሙበት አቆራረጥ። ላፒደስ ደግሞ ጨርሶ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ አንደኛው ሜታታርሳል ከእግር መሐል አጥንት ጋር የሚገናኝበትን መገጣጠሚያ አዋሕዶ አንድ ያደርገዋል። ሥሩ ላይ የሚወዛወዝ አጥንት ላላቸው ሰዎች ይመረጣል። ያ መገጣጠሚያ ድሮም እምብዛም ስለማይታጠፍ መዋሐዱ በአካሄድ ላይ ብዙ አይሰማም።

የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ራሱ ካለቀ ግን ማቃናት ብቻውን አይረዳም። መገጣጠሚያው በትክክለኛው ማዕዘን እንዲዋሐድ ይደረጋል። «ጣቴ አይታጠፍም» ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ይሁንና ሕመም አልባ ሆኖ መራመድና መሮጥም ይቻላል። የሚቀረው ረጅም ተረከዝ ነው።

በትንንሽ ቀዳዳዎች ስለሚሠራው አዲሱ ዘዴም ብዙ ይወራል። ሐኪሙ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ የመሰለ፣ ውፍረቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሆነ መሣሪያ አስገብቶ፣ አጥንቱን በራጅ ስክሪን እያየ ይቆርጣል። ጠባሳው ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምም ብዙ ጊዜ ይቀላል። ነገር ግን አጥንቱ ያው ተቆርጧል፤ የሚገጥመውም በራሱ ጊዜ ነው፤ ቀዳዳው ስላነሰ አይፈጥንም። «በሌዘር» የሚሉ ማስታወቂያዎች ደግሞ አሉ። ሌዘር የተጣመመ አጥንት አያቃናም።

ማን ይቆይ?

የእግር ደም ዝውውራቸው የተዳከመ፣ ስኳራቸው ያልተስተካከለ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ቁስላቸውም አጥንታቸውም በቀላሉ አይድንም። ጥንቁቅ ሐኪም ከቀዶው በፊት የእግርን የደም ሥር ትርታ በጣቱ ይዳስሳል፤ ሲጋራ እንዲቆም ይጠይቃል። ልጆችም ቢቆዩ ይመረጣል። የአንደኛው ሜታታርሳል ማደጊያ ሥፍራ ከሌሎቹ አራቱ በተለየ ሥሩ በኩል ነው፤ እድገት ሳያበቃ እዚያ መቁረጥ አጥንቱን ሊያሳጥረው ይችላል፤ በልጅነት የተቃና ጣትም ተመልሶ የመጣመም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

አንዳንዴ ሰውን ሐኪም ዘንድ የሚያመጣው አውራ ጣቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። የተጋደመው አውራ ጣት ሁለተኛውን ከሥሩ ፈንቅሎ ወደ ላይ ያነሳውና እንደ መዶሻ ያጎብጠዋል፤ ጫፉና መታጠፊያው ላይ የደረቀ ቆዳ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይስተካከላሉ፤ ሁለተኛውን ብቻ ማቃናት የማይሆነው ቦታው ስለተወሰደበት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዋና ሥራ እግርን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ መዋል ነው። «ደህና ነኝ» ብሎ ተነስቶ መንጎራደድ እግሩን ያሳብጣል፣ ስፌቱን ይወጥራል። ስፌት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይወጣል። በብዙዎቹ የቀዶ ዓይነቶች በተረከዝ መርገጥ ገና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ይፈቀዳል፤ ሶሉ ግትር የሆነና ክብደቱን ወደ ተረከዝ የሚመልስ ልዩ ጫማ ለስድስት ሳምንታት ያህል ይደረጋል። ላፒደስ ከሆነ ግን መርገጥ ሊዘገይ ይችላል፤ ክራንችም ያስፈልጋል። በስድስተኛው ሳምንት ራጅ ይታያል፤ አጥንቱ ገጥሞ ከሆነ ሰፊና ምቹ ወደሆነ ተራ ጫማ ይታለፋል። ጣቱን በእጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስም፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ በየቀኑ መደረግ አለበት፤ ካልሆነ መገጣጠሚያው ይግተራል። ቀኝ እግሩን የተቀደደ ሰው ፍሬን በድንገትና በሙሉ ኃይሉ መርገጥ እስኪችል ድረስ መኪና አይንዳ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት በላይ ይወስዳል።

ሊበላሽ የሚችለውንም ማወቅ ደግ ነው። ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። አጥንቱ ሊገጥም አሻፈረኝ ሊል ይችላል። ሲቆረጥ ያጠረ ወይም ወደ ላይ የተነሳ ሜታታርሳል የድርሻውን ክብደት ስለማይሸከም ሸክሙ ወደ ሁለተኛው ይዞርና እግሩ ከሥር ማመም ይጀምራል፤ ከዋናው ሕመም ይልቅ ይህ የሚያስመርራቸው ሰዎች አሉ። ከልክ በላይ ከተቃና ደግሞ አውራ ጣቱ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ሌላኛው እግር፣ ያዘነብላል። ከዓመታት በኋላ መጣመሙ ሊመለስም ይችላል፤ በተለይ አጥንቱ በሴሳሞይዶቹ ላይ ሳይመለስ ቀርቶ ከሆነ። እግር ቀልቶ ከጋለ፣ መግል ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ባት በአንድ በኩል ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እብጠት የመጨረሻው እንግዳ ነው፤ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። ጠዋት ቀጥኖ የነበረ እግር ማታ ጫማ አልገባ ይላል፤ ይህ ብቻውን የተበላሸ ነገር ምልክት አይደለም። ስለዚህ አዲስ ጫማ ለመግዛት አይቸኩሉ። ሲገዙም ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ከመሄድዎ በፊት ያንን የወረቀትና የእርሳስ ሥራ እንደገና ይሥሩ፤ የአሁኑ መስመር ከድሮው የተለየ ነውና ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ።